ሣሩን ማን ያጭዳል?

የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። መዋጮ መሰብሰብ፣ ደረሰኝ መቁረጥ፣ ሦስት ወር ያሳለፈውን ማስጠንቀቅ፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ገንዘቡን ለቤተሰቡ ቆጥሮ ማስረከብ የለመድኩት ሥራ ነው። እናም ሞት የሚጠይቀውን ወጪ አንድ በአንድ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ለካስ የማውቀው እስከ ቀብሩ ድረስ ያለውን ብቻ ኖሯል። ይህ የገባኝ የእናቴን መቃብር ፈልጌ ያጣሁ ዕለት ነው።

እናቴ ካረፈች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከአጥሩ ሦስተኛው ተርታ፣ ከጥዱ ሥር ብዬ ቦታውን በልቤ ይዤው ነበር። ስደርስ ጥዱ ተቆርጧል፤ ተርታው በአዳዲስ መቃብሮች ተጣቧል፤ ቁጥሩ የተጻፈባት ቆርቆሮም ወይ ዝጋ አልቃለች፣ ወይ ወድቃለች። አረሙን በእግሬ እየገለጥኩ አንድ ሰዓት ያህል ተንከራትቼ፣ የገዛሁትን ጧፍ እንደያዝኩ ተመለስኩ። ማንን ልውቀስ? በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እኔስ ስንት ጊዜ ሄጄ ነው?

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ወዳጄን ተከትዬ እዚሁ አዲስ አበባ ወዳለው የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር ገባሁ። ያረፉበት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሞቱ ወታደሮች ናቸው። ሣሩ ታጭዷል፤ ድንጋዮቹ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ስሞቹ ትናንት የተቀረጹ ይመስላሉ። አልቃሽ የለ፣ ተዝካር አውጪ የለ። ወዳጄ ስለ ቦታው ጸጥታ ያወራል። እኔ ግን የሙያ ነገር ሆኖብኝ፣ «ይህ ሣር የሚታጨደው በማን ሒሳብ ነው?» አልኩት። ሳቀብኝ።

ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። መጻሕፍት ሳገላብጥ ሰነበትኩና መልሱን በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በተከፈተ አንድ የሒሳብ መዝገብ ውስጥ አገኘሁት። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

ነገሩ የተጀመረው በ1914 ነው። ፋቢያን ዌር የሚባል የ45 ዓመት የቀድሞ ጋዜጣ አዘጋጅ፣ ጦሩ ዕድሜህ አልፏል ቢለው ከቀይ መስቀል ጓድ ጋር ፈረንሳይ ገባ። እዚያም በየእርሻው ዳር የተተከሉ የእንጨት መስቀሎችን አየ፤ ጽሑፋቸውን ዝናብ የሚያጥበው፣ ማንም በመዝገብ ያላሰፈራቸው። ዌርና ባልደረቦቹ መጻፍ ጀመሩ። ስም፣ ክፍለ ጦር፣ ቦታ። ከዚያ መዝገብ ተነሥቶ በሜይ 1917 በንጉሣዊ ቻርተር የኢምፔሪያል የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ተቋቋመ። ዛሬ የኮመንዌልዝ ኮሚሽን የሚባለው እሱ ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ኮሚሽኑ በሁለት ነገር ቆረጠ። አንደኛ፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት አይመለስም። ሁለተኛ፣ ለጄኔራሉም ለተራ ወታደሩም አንድ ዓይነት ድንጋይ ይቆማል፤ ቁመቱ 81፣ ወርዱ 38 ሴንቲሜትር። ምክንያት ነበራቸው። በ1915 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የግላድስተን የልጅ ልጅ አስከሬን ከጦር ሜዳ ወጥቶ ብሪታንያ ውስጥ ተቀብሯል። ያለው ልጁን ያስመጣል፤ የሌለውስ?

እናቶች ግን ይህን እኩልነት በቀላሉ አልተቀበሉትም። ሦስት ልጆቿን ያጣችው ሌዲ ፍሎረንስ ሴሲል በ1919 ከ8,000 በላይ ፊርማ አሰባስባ፣ ቢያንስ ድንጋዩ የመስቀል ቅርጽ ይኑረው ስትል ለዌልሱ ልዑል አቤት አለች። በሜይ 1920 ጉዳዩ ፓርላማ ቀረበ። ደራሲው ሩድያርድ ኪፕሊንግም ልጁ ጆን በ1915 ሎስ ላይ እንደወጣ ቀርቶበት፣ መቃብሩ እንኳ አልታወቀም ነበር። የታወቀ መቃብር ያላቸው ወላጆች ምን ያህል የታደሉ መሆናቸውን የሚያሳስበው ደብዳቤው በክርክሩ ላይ ተነበበ። ኮሚሽኑ አሸነፈ። እኔ ይህን ሳነብ ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ሴትዮዋም እውነት አላት፤ ኪፕሊንግ የተናገረውን ደግሞ ጧፌን ይዤ የተመለስኩ ዕለት ቀምሼዋለሁ።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልመለስ። በ1918 የግዛቱ መንግሥታት ለንደን ተሰብስበው የተስማሙበት ደንብ ለእድርተኛ ወዲያው የሚገባ ነው። እያንዳንዱ አገር በመቃብሩ ብዛት ልክ ያዋጣል። ከመቶው ከ80 በላይ የሚሆነው በብሪታንያ ላይ ወደቀ፤ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ደቡብ አፍሪካና ሕንድን የመሰሉት የቀረውን ተከፋፈሉ። ለአንድ መቃብር ሥራ የታሰበው ወጪ በአማካይ 10 ፓውንድ ነበር። ቤተሰብ ከድንጋዩ ግርጌ የራሱን ቃል ማስቀረጽ ይችላል፤ ነገር ግን ክፍት ቦታው ጭምር ተቆጥሮ ከ66 ፊደል መብለጥ የለበትም፤ ዋጋውም ለአንድ ፊደል ሦስት ፔንስ ተኩል። አንዲት እናት ወረቀት ይዛ፣ ለልጇ ልትል የፈለገችውን ፊደል በፊደል ስትቆጥርና ስትቀንስ ትታየኛለች። ኋላ ላይ ክፍያው በውዴታ ሆነ። የካናዳ መንግሥት ወጪውን ራሱ ቻለ፤ ኒውዚላንድ ግን ጭራሹን ከለከለች።

ድንጋይ አንዴ ይቆማል፤ ሣር ግን በየዓመቱ ይበቅላል። በየዓመቱ በጀት የሚያጸድቅ ፓርላማ ሐዘኑ ሲበርድለት እጁ ያጥራል። ስለዚህ በ1920ዎቹ አጋማሽ መንግሥታቱ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ቋሚ ገንዘብ እንዲያጠራቅሙ ተወሰነ፤ ዋናው ተቀምጦ ወለዱ አትክልተኛ እንዲቀጥር። ከሺህ የሚበልጡ አትክልተኞች ተሰማርተው ነበር፤ አብዛኞቹም ራሳቸው ከጦርነቱ የተረፉ ወታደሮች ናቸው። በኋላ ዘመን የኑሮ ውድነቱ ወለዱን ቢበላውም፣ በመቃብር ልክ የማዋጣቱ ደንብ ዛሬም አለ፤ ስድስት መንግሥታት ይከፍላሉ። አዲስ አበባ ያየሁት ሣርም የሚታጨደው በዚሁ ነው።

ሌሎቹ ሌላ መንገድ ሄዱ። ፈረንሳይ በጁላይ 1920 ባወጣችው ሕግ ቤተሰቦች የልጆቻቸውን አስከሬን በመንግሥት ወጪ እንዲወስዱ ፈቀደች፤ 240,000 ያህሉ ወደየመንደራቸው ተመለሱ። በተሸነፈችው ጀርመን ካዝናው ባዶ ስለነበር ሰዎች በ1919 ማኅበር አቋቋሙ፤ በአባላት መዋጮ የሚሠራ፣ በእኛ አነጋገር እድር። የዚያ እድር ታሪክ ግን አስደንግጦኛል። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ማኅበሩ ተከተለው፤ ማኅበሩ የደከመለት የሐዘን ቀንም በ1934 የጀግኖች ቀን ተባለ። ለሙታን የተሰበሰበ መዋጮ ሕያዋንን ለሌላ ጦርነት ማሰናጃም ሊሆን ይችላል ለካ።

የእንግሊዞቹን መዝገብ ግን እያደነቅሁ ነበር፤ አንድ ገጽ ላይ ስደርስ እስክቆም ድረስ። ኪፕሊንግ የኮሚሽኑ የጽሑፍ አማካሪ ነበር። ለትልቁ የመታሰቢያ ድንጋይ የመረጠው ቃል የእኛም ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበለው ከመጽሐፈ ሲራክ የተወሰደ፣ ስለማይጠፋ ስም የሚናገር ነው። በ1928 ናይሮቢ ላይ በምሥራቅ አፍሪካው ዘመቻ ለሞቱት አፍሪካውያን ወታደሮችና ስንቅ ተሸካሚዎች ለቆመው ሐውልትም ጽሑፉን ያዘጋጀው እሱ ነው። ልጆቻችሁ ስማችሁን ያስታውሳሉ ይላል። ሐውልቱ ላይ ግን የአንዳቸውም ስም የለም።

ኮሚሽኑ ራሱ በ2021 ባወጣው ሪፖርት ጉዳዩን አልሸሸገም። ከ45,000 እስከ 54,000 የሚደርሱ የአፍሪካ፣ የእስያና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ከሌሎቹ ጋር እኩል አልታሰቡም። ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚሆኑት፣ አብዛኞቹ የምሥራቅ አፍሪካና የግብፅ ሰዎች፣ ወይ ስማቸው አልተጻፈም ወይ ጭራሽ አልታሰቡም። በ1923 የጎልድ ኮስት ገዥ የነበረው ጎርደን ጉጊስበርግ ለአገሬው ሰው የመቃብር ድንጋይ ትርጉም አይሰጠውም ብሎ ተናግሮ ነበር። ትርጉም አይሰጠውም! ደረቱን እየደቃ ሙሾ ለሚያወርድ፣ ለሙት ዓመት ከብት ለሚያርድ አፍሪካዊ! የብሪታንያ መንግሥት በዚያው በ2021 ፓርላማ ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ኬፕ ታውን ውስጥ ከ1,700 በላይ የጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን ስም ከመቶ ዓመት በኋላ በእንጨት ላይ ተቀርጾ ቆመ።

እንደ ገንዘብ ያዥ ሳስበው ጥፋቱ ከካዝናው አልነበረም። ለአንዱ ልጅ 10 ፓውንድ ሲታሰብ፣ ለሌላው ስሙን ለመጻፍ የሚበቃ ቀለም አልታሰበም። ደንቡ በመቃብር ብዛት ነበር፤ ያልተቆጠረ መቃብር ደግሞ አይከፈልበትም። ሙት የሚረሳው እንባ ሲደርቅ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የሚረሳው መዝገብ ሲከፈት ስሙን የሚያስገባ ሰው ያጣ ዕለት ይመስለኛል።

ይህን ይዤ ወደ እድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ሄድኩ። የሟች አባሎቻችን መቃብር በዓመት አንዴ እንዲጸዳ፣ ቁጥሩ እንዲታደስ፣ ለዚህም ትንሽ ገንዘብ እንዲመደብ ሐሳብ አቀረብኩ። አንድ አዛውንት ተነሡና፣ «ልጄ፣ እድር እስከ ቀብር ነው። የሞተ መዋጮ አይከፍል፤ ማን ሊከፍልለት ነው?» አሉኝ።

«እኛ ነና አባባ» አልኳቸው። «ነገ ለእኛም ሌሎቹ።»

ገንዘቡ አልጸደቀም፤ ለሚመጣው ስብሰባ ይደር ተባለ። አንድ ደብተር መግዛት ግን ተፈቀደልኝ። ስም፣ የሞቱበት ቀን፣ ያረፉበት ቦታ፣ የመቃብር ቁጥር ብዬ አሰመርኩት። በየለቅሶው ቤት እየዞርኩ መሙላት ጀምሬአለሁ። የመጀመሪያውን መስመር ለእናቴ ሰጥቻታለሁ፤ ስሟና ቀኑ ተጽፏል፣ የቁጥሩ ቦታ ባዶ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አረሙን እየነቀልኩ በመፈለግ ላይ ነኝ። እስካሁን ሰባት ሰዎች አግኝቻለሁ፤ የእኛ እድርተኞች አይደሉም። እነሱንም ጽፌአቸዋለሁ።