ያልተሰረዘው መስመር

ለብስክሌቴ ጂፒኤስ ስገዛ ባለ አዝራሩን መረጥሁ፤ የሐምሌ ዝናብ የንክኪ ስክሪንን ያሳስታልና። ዓይኔ ከአስፋልቱ እንዳይርቅ ከመሪው ፊት ገጠምሁት፤ መብራት ለሚጠፋበት ሌሊትም ፓወር ባንክ ያዝሁለት።

ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ከሚዞሩት ሳተላይቶች የአራቱ ምልክት ሲደርሰው ያለሁበትን ያውቃል። የነበርሁበትንም አይረሳም። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ካዛንቺስ የሄድሁበት አንድ የቆየ መስመር በውስጡ አለ፤ በቅያሶች ተጠማዝዞ አክስቴ ደጅ ላይ አርባ ደቂቃ ይቆማል። ቡና ተፈልቶ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ ብዙ ክፍል ለኮሪደር ልማት ፈረሰ፤ አክስቴም ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። ትናንት ያንኑ መስመር ከፍቼ በአዲሱ የብስክሌት መንገድ ነዳሁ።

«ከመስመር ወጥተሃል» አለኝ።

ማታ ልሰርዘው ጣቴን አዝራሩ ላይ አኖርሁ። በረካው ትዝ አለኝና ተውሁት። መሣሪያውን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ተኛሁ።