ጳጉሜን ስድስት

የእኅቴ ልጅ የተወለደችው ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ማለዳ። ወረቀቷ ግን የሚለው ሌላ ነው፦ «መስከረም 1 ቀን 2012»። ጸሐፊዋ ትክክለኛውን ቀን ብታስገባ ኮምፒውተሩ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ መለሰላት፤ ወረፋው ረዝሞ ነበርና የሚቀጥለውን ቀን ጽፋ ሸኘቻቸው።

«ጋሼ፣ የወለድኩበትን ቀን እኮ እኔ አውቀዋለሁ!» አለችኝ እኅቴ በስልክ።

በአንድ ቀን ስሕተት ሕፃኒቱ አንድ ዓመት ከነወንጌላዊው ተቀየረባት። በሉቃስ ተወልዳ በዮሐንስ ተመዘገበች። ለእኅቴ ያልነገርኳት ነገር ነበረኝ። ያንን ቀን የሚቆጥረውን ኮድ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

እንዲያው በዘፈቀደም አልጻፍኩትም። በሙያችን ዩኒት ቴስት የሚሉት ልማድ አለ፤ ኮድ ኮድን የሚመረምርበት። «ይህን ቢሰጡህ ምን ትመልሳለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ የተጠበቀውና የተገኘው መልስ ከተስማሙ አረንጓዴ፣ ካልተስማሙ ቀይ ይበራል። እኔ የምገለገልበት ጄዩኒት ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ በ1997 እ.ኤ.አ. ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲበሩ አውሮፕላን ውስጥ የጀመሩት መሣሪያ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጉዞ ያበጁት ነገር የስንቱን ፕሮግራመር እንቅልፍ እንደጠበቀ ሳስብ ይደንቀኛል።

በዚያች ማታ ቴስቶቼን እንደገና አስኬድኳቸው። አርባ ሦስት ነበሩ። አርባ ሦስቱም አረንጓዴ። አረንጓዴ ቀለም እንደዚያ ሌሊት አስፈርቶኝ አያውቅም።

ለአራስ ጥየቃ ደብረ ብርሃን በሄድኩ ማግሥት፣ ፊደል ያስቆጠሩኝን የኔታን ለማየት ወደ አንኮበር አለፍኩ። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የገብሱ ማሳ ያልቅና ምድር ድንገት ወደ አፋር ቆላ ይወድቃል። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ባሕረ ሐሳብ በጣታቸው አንጓ የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። ነገሬን ሰሙና ጠየቁኝ።

«ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበትን ዓመት በምን ለየኸው?»

«ዓመቱን ለአራት አካፍዬ ቀሪ ሲያጣ፣ የኔታ።»

«ቀሪ ያጣውማ ዮሐንስ ነው፤ ልጄ። ስድስተኛዋ የምትመጣው በሉቃስ ማብቂያ፣ ሦስት ሲተርፍ ነው።»

ደንቡን የወሰድኩት ከፈረንጆቹ ቀመር ነበር። ከዚህም የከፋው፣ ቴስቱን የጻፍኩት በዚያው ደንብ መሆኑ ነው። ኮዴን «በ2012 ጳጉሜን 6 አለች?» ብዬ ጠየቅኩት፤ «አዎን» አለኝ፤ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ያስተማርኩትን ሐሰት መልሶ ነገረኝ እንጂ አልዋሸኝም። ከአንድ ቤት የወጡ፣ በአንድ ምድጃ ዙሪያ የተማከሩ ሁለት ምስክሮች ነበሩ።

የኔታ ግን የራሳቸው ቴስት አላቸው። የ2011ን አበቅቴና መጥቅዕ አወጡልኝ፤ 25 እና 5። ደመሯቸው፤ 30። «ሁልጊዜ ሠላሳ ሊሞላ ይገባዋል። ካልሞላ ቆጠራህ ተሳስቷልና ድገም» አሉ። እኔ ስደነቅ ዝም ብለው አዩኝና ጨመሩ። «ወንበሩን ከሳትኸው ግን ሠላሳውም አያድንህም። ከተሳሳተ ወንበር ብትነሣም ሠላሳ ይሞላልሃል። ያን ጊዜ ሰው የሚያውቀውን፣ ያለፈውን ዓመት ጠይቅ።»

እንደተመለስኩ ኮዱን ሳልነካ መጀመሪያ አንድ ቴስት ጻፍኩ፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2011። ቀይ በራ። ደንቡን አረምኩ፤ አረንጓዴ ሆነ። እዚያ ግን አላቆምኩም። እኔ ያላወጣኋቸውን ቀኖች ፍለጋ ወጣሁ። ምኒልክ የተወለዱት ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በአንጎለላ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ነው፤ መጻሕፍቱ ኦገስት 17 ቀን 1844 እ.ኤ.አ. ይሉታል። ኮዴ 18 አለ። ቀይ! የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888፣ ማርች 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ. ነው። ኮዴ ማርች 2 አለ። ሁለተኛ ቀይ!

ምክንያቱን ያገኘሁት ከብዙ ድካም በኋላ ነው። በ1582 የወጣው የግሪጎርዮስ ቀመር ለ400 የማይካፈለውን የመቶ ዓመት መዝጊያ ትርፍ ቀኑን ይነሣዋል፤ 1900 እ.ኤ.አ. አንድ ቀን ያጣው በዚህ ነው። እኛ በየአራት ዓመቱ ሳናጓድል ስለምንጨምር፣ ከዚያ ወዲህ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ። የኔ ኮድ የዛሬውን ርቀት ለጥንቱም ዘመን ሰጥቶት ኖሯል። በ2100 እ.ኤ.አ. ደግሞ ርቀቱ በአንድ ቀን ይጨምራል፤ ለዚያም ቴስት ጽፌለታለሁ፤ ቀኑን ባላይም።

አሁን ቴስቶቹ ስልሳ አንድ ናቸው። ከሁሉ በላይ የቆመው የእኅቴ ልጅ የልደት ቀን ነው። ኮዱን ወደፊት ማንም ቢነካው፣ ያቺን ቀን ከዘመን ውስጥ ሲያወጣት ቀይ ይበራበታል። ወረቀቷ ግን እስካሁን አልታረመም። ወረቀት እንደ ኮድ በአንድ ሌሊት አይታረምም።

በመጨረሻ ለእኅቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሉቃስን፣ የኔታን፣ አንጎለላን፣ ዓድዋን። ልጇን አዝላ እያባበለች እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ይህን ሁሉ ከምትዞር፣ እኔን ብትጠይቀኝስ ጋሼ?» አለችኝ። «እኔ እዚያው ነበርኩ።»