በብረት ብስክሌት ወደ ሽንፋ መንገድ

ስለ ብስክሌት ሲነሣ ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው የባሕር ዳር ጎዳና ነው፤ ዘንባባው፣ አስፋልቱ፣ ደልዳላው ሜዳ። ዛሬ ላወጋችሁ የምፈልገው ግን አስፋልት ስለሚያልቅበትና ብስክሌት ከበቅሎ ጋር ስለሚወዳደርበት አገር ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ፣ በአይከልና በነጋዴ ባሕር አድርጎ ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ ከ180 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ተጓዡ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነሥቶ 700 ሜትር ገደማ ወዳለው ቆላ ይዘልቃል። መጨረሻው ላይ ያለችው መተማ ዮሐንስ ከሱዳኗ ገላባት ጋር ፊት ለፊት የምትተያይ የድንበር ከተማ ናት። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁት እዚህ ነው። ከዚያም አስቀድሞ ከዳርፉርና ከዚያ ማዶ የመጡ፣ ተክሩር የሚባሉ ሙስሊሞች በአካባቢው ሰፍረው ይኖሩ ነበር። በ1814 እ.ኤ.አ. ሱዳንን ያቋረጠው ስዊሳዊው ተጓዥ በርክሃርት፣ የተክሩር ሐጃጆች በዚህ በኩል ወደ ጎንደር ወጥተው በምፅዋ ባሕሩን ይሻገሩ እንደነበር ጽፏል። በእግራቸው ነው እንግዲህ! እኔ በሁለት ጎማ ሄጄ ያማረርኩትን አገር እነርሱ በባዶ እግር አልፈውታል።

የጉዞዬ ምክንያት መጻሕፍት ነበሩ። በ2009 ዓ.ም. ዛሬ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ በሆነችው በገንዳ ውሃ አስተምር ነበር። አንድ ተማሪዬ ከሽንፋ ወዲህ ባለች መንደሩ ሕፃናት ለአንድ ቃኢዳ አምስትና ስድስት ሆነው እንደሚቀሩ፣ የትምህርት ቤት መጽሐፍም እንዲሁ እንደሚሻሙ አጫወተኝ። ከሰው ከሰው ለምነን 40 ቃኢዳ፣ ጥቂት ሙስሐፍና የ3ኛና የ4ኛ ክፍል መማሪያ መጻሕፍት ሰበሰብን። ወደዚያ የሚሄድ መኪና ግን በገበያ ቀን ካልሆነ አይነሣም፤ ቢነሣም መንደሯ ድረስ አይገባም። የግማሽ ዓመት ዕረፍት በጥር ሲደርስ ታናሽ ወንድሜን አስከትዬ በብስክሌት ለመሄድ ቆረጥሁ። እናቴ በስልክ ስትሰማ፣ «አንተስ እሺ ብለህ ነው፤ ይህን ልጅ ለወባ ልትሰጥብኝ ነው?» ብላ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈችኝ።

ብስክሌቴ የሩቅ አገር ሰው ንብረት ነበር። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጋልቡ የውጭ አገር ብስክሌተኞች ለብዙ ዓመታት በሱዳን በኩል መጥተው በመተማ ወደ አገራችን ይገቡ ነበር። ብቻቸውን የሚመጡም ነበሩ። ከነዚህ አንዱ ጎንደር ላይ ሰልችቶት በአውሮፕላን ሲመለስ የተወውን አንድ ጠጋኝ ገዛው፤ እኔም ከጠጋኙ ገዛሁት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ፣ በክልላችንም ግጭት ተከትሎ፣ በዚያ ድንበር የሚሻገረው በአብዛኛው ሕይወቱን ለማትረፍ የሚሸሽ ሰው ሆኗል። ይህን የምጽፈውም ማንም ዛሬ ተነሥቶ እንዲከተለኝ አይደለም። መንገዱ ዛሬ ሌላ ነው።

ብስክሌቱ ሙሉ በሙሉ ብረት ነው። የተሠራውም ለረጅም የአስፋልት ጉዞ ነው፤ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ከኋላ ብርቱ የዕቃ መጫኛ ያለው። ወንድሜ ደግሞ የአልሙኒየም ማውንቴን ነበረው፤ የፊት ሹካው በስፕሪንግ የሚነጥር፣ ማርሹ 21። «ጋሼ፣ ይህን የሽማግሌ ብስክሌት ይዘህ ዋልካ ውስጥ ልትገባ ነው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ማውንቴን የሚባለው ራሱ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌና ከባድ የብረት ብስክሌቶችን ተራራ ላይ እየወሰዱ ቁልቁል ሲለቁ የተወለደ መሆኑን ብነግረውም አላመነኝም።

ለመንገዱ ስል ያደረግሁት ለውጥ ብዙ አይደለም። ቀጭኖቹን ጎማዎች አውጥቼ ተላዮው የሚቀበለውን ያህል ሰፊ ጎማ አገባሁ፤ የጭቃ መከላከያውን ነቀልሁ። ነፋሱንም ቀነስ አደረግሁት። የጠጠረ ጎማ በኮረት ላይ ይዘላል፤ ለስለስ ያለው ግን መሬቱን ይይዛል። በጣም ከለሰለሰ ደግሞ ድንጋይና ቸርኬው መካከል ከመነዳሪውን ነክሶ ይበሳዋል። ልኩን ያወቅሁት በአውራ ጣቴ እየተጫንሁ ነው። ማርሹን በተመለከተ በ1963 እ.ኤ.አ. ከአየርላንድ እስከ ሕንድ በብስክሌት የተጓዘችው ደርቭላ መርፊ ማርሹ የእስያን መንገድ አይችልም ብላ ከመነሣቷ በፊት አስነቅላው ነበር። እኔ ያን ያህል አልደፈርሁም። ደግሞም ይህችው ሴት ጥቂት ዓመታት ቆይታ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ብስክሌቷን ትታ በቅሎ ይዛ ነው የተጓዘችው። አገራችንን ሳታውቃት አልቀረችም!

ከገንዳ ውሃ ከፈጅር በኋላ ወጣን። የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ደስታ ነበር። ሰሊጡ ታጭዶ አልቋል፤ ማሽላው ግማሹ ቆሟል፤ ግማሹ በየአውድማው ተከምሯል። በየጉብታው ላይ ቅጠሉን ያራገፈ የዕጣን ዛፍ ይታያል። ፀሐይ ከፍ ስትል ግን መሬቱ ጠባዩን አሳየን።

የዚያ አገር ጥቁር አፈር፣ ዋልካ የምንለው፣ በክረምት ጎማ ላይ እንደ ሊጥ እየተጠቀለለ ብስክሌቱን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ያኔ ብስክሌት ሰውን መሸከሙ ቀርቶ ሰው ብስክሌቱን ይሸከማል። በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ መንገዱን አቋርጦ ከሄደ ተንገጫግጮ ማለፍ ነው፤ ከመንገዱ ጋር አብሮ ከሄደ ግን ጎማውን ውጦ ነጂውን በአፍጢሙ ይደፋዋል። ትራክተር በዝናብ ጊዜ የተወው ቦይም ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ወንድሜ በስፕሪንጉ እየነጠረ ቀድሞኝ ይሄዳል፤ እኔ ከኮርቻው ተነሥቼ፣ ክርኔንና ጉልበቴን አላልቼ፣ ብስክሌቱን ከበታቼ እንደፈለገ እንዲደንስ ትቼው በዝግታ እከተላለሁ። በዝግታ እስከተሄደ ድረስ አልተቸገርሁም። ግራር ሥር ባረፍን ቁጥር ግን እሾህ ይጠብቀናል። በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ማስቲሽ ቀብተን ለጠፍን፤ ሦስቱ የእርሱ፣ ሁለቱ የኔ።

የተሰበረው የእርሱ ብስክሌት ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባማረ ነበር። የተሰበረው የኔው ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ከኋላ «ሲጥ፣ ሲጥ» የሚል ድምፅ ስሰማ መጻሕፍቱ መስለውኝ ዝም አልሁ። ኋላ ወርጄ ስመለከት ከኮርቻው ሥር ወደ ኋላ ጎማ ከሚወርዱት ቀጫጭን ቧንቧዎች አንዱ፣ የዕቃ መጫኛው በታሰረበት ቦታ ዙሪያውን ሊሰነጠቅ ጥቂት ቀርቶታል። ጥፋቱ የኔ ነበር። መጻሕፍቱን ሁሉ ከኋላ ጭኜ ፊቱን ባዶ አድርጌዋለሁ። ብረት አንድ ደግነት አለው፦ ብዙ ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ይናገራል።

ስልክ አይሠራም። ያለን ውሃ ሁለት ሊትር አይሞላም፤ ለመጠጥም የሚበቃ ስላልሆነ ተየሙም አድርገን ዙህርን ሰገድን። ወንድሜ መቀለዱን ትቶ ነበር። «መጻሕፍቱን እዚህ ቀብረን እንመለስ?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም አስቤው ነበር። ውሃው ወደ ኋላም ቢሆን ስለማያደርሰን ግን ግማሹን መጽሐፍ ወደ እርሱ ብስክሌት አዛውረን፣ የኔን በእጅ እየገፋን የትራክተሩን ዱካ ተከትለን ሄድን። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከሄድን በኋላ የጄኔሬተር ድምፅ ሰማን። ማሽላ የሚወቃበት የእርሻ ካምፕ ነበር።

እንግዲህ የብረት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የትራክተር ማረሻ የሚበየድበት መሣሪያ ባለበት ሁሉ የብረት ብስክሌትም ይበየዳል፤ አልሙኒየም ግን ልዩ ጋዝና ልዩ መሣሪያ ይሻል። ይሁን እንጂ በያጁ ቧንቧውን በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። «ኡስታዝ፣ ይህ ስስ ነው። እንደ ማረሻ ከተኮስሁት ቀልጦ ይቀርብዎታል።» ውሃ አጠጣንና ጥቂት አሰበ። ከዚያ ከአሮጌ ወንበር እግር ቁራጭ ቧንቧ ቆርጦ፣ ለሁለት ሰንጥቆ፣ ስብራቱን እንደ ወጌሻ ከበበበት። ቀጭኑን ኤሌክትሮድ መርጦ ነካ፣ ቆም፣ ነካ፣ ቆም እያደረገ በየነጥቡ አያያዘው። እስኪቀዘቅዝ ድረስም እንዳልነካው እጄን ያዘኝ። ሒሳብ ስጠይቀው፣ «ልጆቹ ሲቀሩ ለእኔም ዱዓ ያድርጉልኝ» ብሎ እምቢ አለ።

መጻሕፍቱን በሁለቱ ብስክሌቶች አካፍለን፣ ከባዱን ወደ ፊት አድርገን፣ ሌሊቱን እዚያው አድረን በማግስቱ መንደሯ ገባን። ሕፃናቱ ከሩቅ አይተውን ወደ ብስክሌቶቹ ሮጡ። ስለ መጻሕፍቱ ማንም አልነገራቸውም ነበር። ሼሁ በጥላ ሥር ሰሌን አስነጥፈው አንድ በአንድ እየቆጠሩ ሲያድሉ፣ ከታች የነበረው አንድ ቃኢዳ በሰንሰለቱ ዘይት ሽፋኑ ጠቁሮ ተገኘ። አንዲት ትንሽ ልጅ ተቀብላ አየችውና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሼሁ ከእጇ ወስደው ንጹሑን ሰጧት፤ የጠቆረውንም ከጉልበታቸው በታች አድርገው ቆጠራቸውን ቀጠሉ።