ንዳድ መስሎኝ

መጀመሪያ ወባ ነው ያልኩት። ቆላ ድባ ተወልዳ ሌሊት ከአንገቷ በላይ እሳት የተለቀቀባት፣ አንሶላዋ በላብ የራሰባት ሴት ሌላ ምን ትላለች? ቆላ ድባ ያለችበት ደምቢያ የንዳድ አገር ነው፤ በ1951 ዓ.ም. ግድም ደጋውን ሳይቀር ያዳረሰው ወረርሽኝ ሲነሳ ስሙ አብሮ ይነሳል።

ደሜ ታየ፤ ወባ የለም። እንደገና ታየ፤ የለም። የወር አበባዬ በዚህ መሃል ሰባት ወር ጠፍቶ ነበር፤ እሱን ግን የቆጠረው የለም፣ እኔም ጭምር። ጎረቤት «መርፌው ነው» አለኝ። የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌውን ካቆምኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። 34 ዓመቴ ነው።

ጎንደር ሄጄ ሆርሞኔ በአንድ ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ተለካ። ኤፍኤስኤች የሚሉት፣ ከአንጎል ሥር ያለች እጢ ኦቫሪን «ሥራ» የምትልበት ሆርሞን፣ ሁለቴም ጣሪያ ነክቷል። ጆሮው የከበደን ሰው እየጮሁ እንደሚጠሩት ነው። ወረቀቱን ያነበበችው ባለሙያ «አርጠሻል» ብላኝ ቀጣዩን ሰው ጠራች።

ቃሉ ነው የጎዳኝ። ማረጥ ለእናቴ፣ ለአክስቶቼ፣ ላበቃ ነገር የሚባል ነው። 40 ሳይሞላ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለያል፤ ይህን የሰማሁት ከወራት በኋላ ካገኘሁት ሌላ ሐኪም ነው። ኦቫሪው ሁልጊዜ ጨርሶ አይደርቅም። ወራት ይተኛና አንድ ቀን ሳይታሰብ እንቁላል ይለቃል። ከመቶ ሴቶች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት በራሳቸው ያረግዛሉ። መቼ እንደሚነቃ የሚነግር ምርመራ የለም፤ የሚቀሰቅስ አስተማማኝ መድኃኒትም የለም። (ስለዚህ «እንመልስልሻለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ጠርጥሩት።) ልጅ የማትፈልግ ሴትም «ከእንግዲህ አያሰጋኝም» ብላ መከላከያዋን እንዳትጥል።

ምክንያቱ? የክሮሞዞም ጉድለት፣ የሰውነት መከላከያ በገዛ ኦቫሪው ላይ መነሳት፣ የካንሰር መድኃኒት፣ ጨረር። በብዙዎቻችን ደግሞ አይታወቅም። እርግማን ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ጠይቄአለሁ።

አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከከፈተ ወዲህ ዘመድ ሁሉ «ሂጂ» ይለኛል። አይቪኤፍም (ፅንስን ከማህፀን ውጭ መፍጠሩም) ቢሆን ግን መነሻው እንቁላል ነው፤ የኔ የጠፋው እሱ።

ስለ ልጅ ያልጠየቀኝ የለም። ስለ አጥንቴ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። ኤስትሮጅን በዚህ ዕድሜ ሲጎድል አጥንት ይሳሳል፣ ልብም ይጎዳል፤ የሚከለክል ሌላ ሕመም ከሌለ ሆርሞኑ እስከ 50 ግድም በመድኃኒት ይተካል። ኪኒን የጀመርኩት ለዚያ ነው።

እናቴ «ሣራም ልማደ አንስት ቀርቶባት ነበር» ትላለች። «እማዬ፣ ሣራ እኮ 90 ዓመቷ ነበር» ስላት፣ «አንቺማ ገና ልጅ ነሽ!»

ኪኒኑን በጀመርኩ በወሩ ደም አየሁ። እናቴ ልብሴን ስታጥብ ደርሳበት እልል ልትል ስትል አፏን ያዝኩ።

«ኪኒኑ ነው ያመጣው እማዬ፣ የኔ አይደለም።»

ዝም አለች። ቆይታ፣ ልብሱን እየጨመቀች፣ «ሣራም ስቃ ነበር» አለች።