ገደብ ያፈረሰ ሰውና ጠበቃው

የስዊሱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁትና በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከያዛቸው መልካም ነገሮች አንዱ፣ ቅጣትን ገድቦ በደለኛውን ከቤቱ ሳያርቁ በፈተና ማኖር ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ይህንኑ አጽንቶ የፈተናውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት አድርጎታል።

ነገር ግን በደሴ ፍርድ ቤት ግቢ እናት እልል ስትል፣ ልጁም ወህኒ ባለመውረዱ ብቻ ተደስቶ ትእዛዙን ሳያነብ አጥፎ በኪሱ ሲከት ላየ ሰው፣ ኋላ የሚመጣው ጣጣ ከዚያች ሰዓት እንደሚጀምር ግልጽ ነው። አድራሻ ሲለውጥ እንዲያስታውቅ፣ ለተበዳይም ካሣ እንዲከፍል ታዞ ሳለ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ቁልቁል ይወርድና ቤት ተከራይቶ ትእዛዙን ይረሳዋል። መጥሪያ የመጣ ዕለት መካሪ አይጠፋም፦ «ነገሩ እስኪበርድ ባቲ አክስትህ ዘንድ ክረም።» ከዚህ የከፋ ምክር አላውቅም።

ምክንያቱም ሕጉ ግዴታውን ያጓደለውን ሁሉ ወዲያው አያስርም፤ ነፍስ አባት ቀኖናውን ያጓደለ ልጁን አስቀድሞ እንደሚገሥጸው፣ ዳኛውም አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፣ ገደቡም የሚሰበረው ተግሣጹን ንቆ በእምቢታው በጸናው ላይ ነው። በገደብ ሳለ ሆን ብሎ አዲስ ወንጀል የሠራ ሰው ጉዳይ ግን እጅግ የከበደ ነው። እንግዲህ ክርክሩ ሁሉ ያለው «አውቆ ነው ወይስ ተቸግሮ?» በሚለው ላይ ስለ ሆነ፣ የትእዛዙን ግልባጭ አውጥቶ፣ የሥራ ውሉንና የሐኪም ወረቀቱን አያይዞ የሚናገር ጠበቃ ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴ በጦርነት ተይዛ ሕዝቡ ሲሰደድ ከአድራሻው የጠፋ ሰው፣ ትእዛዝ ናቀ ሊባል ይገባዋልን? ይህን በቅጡ የሚያስረዳለት ባያገኝ ግን ትእዛዝ እንደ ናቀ ሊቆጠርበት ይችላል።

አበጋሮች የሚባሉት የወሎ አስታራቂዎች ከተበዳይ ጋር ቢያስታርቁት፣ ካሣውንም ቢያስከፍሉት፣ ዕርቁ በጽሑፍ ሆኖ ለዳኛው ቢቀርብ ይረዳዋል፤ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ግን አይሽረውም።

ገንዘብ የለኝም የምትል ወንድሜ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 5፣ አቅም ላነሰውና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይላልና፣ በቀጠሮህ ቀን ሳትደበቅ ቀርበህ፣ ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል ከመናገርህ በፊት «ተከላካይ ጠበቃ ይቁምልኝ» ብለህ አመልክት።