በክረምት ወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋ መረብ

የንባብ ክፍል፦ ሉቃስ 5፥1-11፤ ዕንባቆም 1፥14-17



በየካ ክፍለ ከተማ በመጋቢነት የምናገለግል ሰዎች ክረምት ሲገባ አንድ ነገር እናያለን። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጸሎት ቤታችንን ወንበር የሚሞሉት የለመድናቸው ምእመናን ብቻ አይደሉም። ዝናቡ ግንባታውን ስላስቆመበት ሥራ የፈታ የቀን ሠራተኛ ይመጣል። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ ስትወርድ ጭቃው አንሸራትቷት ወገቧን የተጎዳች እናት ትመጣለች። በቀበና ወንዝ ዳር ቤቱ ውኃ የገባበት አባወራ፣ የመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ እንቅልፍ የነሳት መበለት፣ የፈተና ውጤቱን የሚጠብቅ ወጣት፣ ሁሉም ይመጣሉ። በደህናው ቀን በራችንን አልፈው የሚሄዱ ሰዎች በክረምት ቆም ብለው ይገባሉ።

ይህን ስናይ ጌታን እናመሰግናለን። ነገር ግን አብሮ የሚመጣ ጥያቄ አለ። ሰው ሲጨንቀው በቀላሉ ይያዛል። በዚህ ጊዜ ወደ እጃችን የገባውን ሰው ምን ልናደርገው ነው?

ጥያቄውን አጥርተን እንድናየው የረዳን በጉባኤያችን ያለ አንድ ወንድም ነው። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በጉማራ ወንዝ ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። በነሐሴ ወር አገልጋዮች በእንጦጦ ላይ ለጸሎት ተሰብስበን ሳለ ዝናቡ ሲበረታ፣ «በእኛ አገር ይህ ዝናብ ዓሣ የሚጠራ ዝናብ ነው» አለን። እንዲያስረዳን ጠየቅነው።

በጣና ውስጥ አምባዛ አለ፣ ቀረሶ አለ፣ ደግሞም የአካባቢው ሰው ነጭ ዓሣ የሚለው ወገን አለ። ተመራማሪዎች ላቢዮባርበስ የሚሉት ይህ ወገን በጣና 15 ያህል ዓይነት ያለው ሲሆን፣ አብዛኞቹ በሌላ በየትኛውም የዓለም ውኃ አይገኙም። በበጋ በሰፊው ሐይቅ ተበታትነው ይኖራሉ። ሰኔ አልፎ ወንዞቹ ሲሞሉ ግን ከእነዚህ ዓይነቶች በርከት ያሉት እንቁላላቸውን ለመጣል በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በሌሎችም ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያም ጎርፉን እየተቃወሙ ወደ ላይ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ጠጠር ያለበትንና ንጹሕ ውኃ በፍጥነት የሚፈስበትን ቦታ ነው። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ይቀመጣል፤ የተፈለፈለውም ጫጩት ውሎ አድሮ ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

ለአጥማጅ ከዚህ የቀለለ ወቅት የለም። ሐይቁን መዞር አያስፈልገውም። የወንዙን አፍ በመረብ ከዘጋ፣ ሆዳቸው በእንቁላል የሞላ እናት ዓሦች በራሳቸው እግር እንደመጡ ያህል ይገቡለታል። አንዳንዱ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በወንዙ ላይ ይበትናል። ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፤ ትልቁም ትንሹም አብሮ ያልቃል።

ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ሲያጠምዱበት በኖሩት ሐይቅ ላይ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። በ1990ዎቹ ዓመታት የነጭ ዓሣው ብዛት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ተመራማሪዎች ከምክንያቶቹ መካከል አንዱ አድርገው የጠቀሱት ይህንኑ በወንዝ አፍ ላይ የሚደረገውን ማጥመድ ነው። ሀገራችን በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አውጥታለች። ሆኖም በዝናብ ሌሊት፣ በጨለማ፣ በወንዝ አፍ ላይ ከአጥማጁ ጋር የሚቆመው የገዛ ልቡ ብቻ ነው። ወንድማችን ሲጨርስ፣ «የዚያን ሌሊት ቅርጫቱ ይሞላል፤ ልጁ ግን ባዶ ሐይቅ ይወርሳል» አለን። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ከመካከላችን የተናገረ አልነበረም።

ዝም ያልነው ነገሩ የዓሣ ብቻ እንዳልሆነ ስለገባን ነው። ነቢዩ ዕንባቆም በዘመኑ የነበረውን ጨካኝ ኃይል በአጥማጅ መስሎ ያሳየናል። ያ አጥማጅ ሰዎችን እንደ ባሕር ዓሣ ይሰበስባል፤ በተያዘለት ብዛት ደስ ይለዋል፤ በመጨረሻም እንጀራው የሰባው በመረቡ ነውና ለገዛ መረቡ ይሠዋል፣ ያጥናል። ነቢዩም ይህ ሰው መረቡን እየዘረገፈ አሕዛብን መግደሉን ይቀጥል ዘንድ ነውን ብሎ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል። ወገኖቻችን፣ ለመረቡ የሚሠዋ አገልጋይ በዘመናችንም አለ። ለታመመው ዘይት ይሸጣል። ሥራ ላጣው የመጨረሻዋን ብር ዘርተህ ሚሊዮን እጨድ ይለዋል። ልጇ ለታመመባት እናት መድኃኒቱን ጣይው ይላታል። አዳራሹ ይሞላል፤ ብዛቱም የእግዚአብሔር ማረጋገጫ ተደርጎ ይቆጠራል። ብርብራም እኮ ብዙ ዓሣ ያስይዛል።

እግዚአብሔር ግን ለደካማው ጊዜ የሚራራ አምላክ ነው። በዘዳግም 22፥6-7 ሕዝቡ በመንገድ ላይ የወፍ ጎጆ ቢያገኝ፣ በእንቁላሎቿ ወይም በጫጩቶቿ ላይ የተቀመጠችውን እናት እንዳይወስድ አዝዟል። ያቺ ወፍ በቀላሉ የምትያዘው ጎጆዋን ትታ መብረር ስለማትወድድ ነው። ሕጉ የሚከለክለው ፍቅሯን ወጥመድ ማድረግን ነው። ስለ ወፍ እንዲህ ያዘዘ ጌታ፣ ለልጇ ብላ በእኛ ፊት ስለተንበረከከች እናት አይጠይቀንም ትላላችሁ?

ታዲያ ጌታ ኢየሱስ ጴጥሮስን ሰውን እንዲያጠምድ ሲጠራው ምን ማለቱ ነው? ዓሣ ከተያዘ ይሞታል። በሉቃስ 5፥10 ላይ የተጻፈው የግሪክ ቃል ግን «ዞግሬኦ» ነው። ትርጉሙ በሕይወት መያዝ፣ ከነሕይወቱ ማትረፍ ማለት ነው። በጥንቱ የግሪክ ብሉይ ኪዳን ይኸው ቃል በኢያሱ 2፥13 ይገኛል፤ ረዓብ አባቷንና እናቷን፣ ወንድሞቿንና እኅቶቿን በሕይወት እንዲያተርፉላት ሰላዮቹን የለመነችበት ቃል ነው። ጌታ ለጴጥሮስ የሰጠው ሥራ እንግዲህ የረዓብ ቤተሰብ ከኢያሪኮ እንደወጣ ሰውን ከሞት ማውጣት ነው።

ይህ ቃል በአዲስ ኪዳን ሁለት ጊዜ ብቻ ይገኛል። ሁለተኛው 2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥26 ነው፤ እዚያ የሚነገረው በዲያብሎስ ወጥመድ ስለተያዙ ሰዎች ነው። በእንጦጦ ሸንተረር ላይ የሚወርደው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል፤ በሰሜን የወደቀው በሱሉልታ አድርጎ በሙገር ወደ ዓባይ፣ በደቡብ የወደቀው በቀበና ወደ አቃቂ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። የሰው ጭንቀትም እንዲሁ ነው። የያዘው እጅ ወደ ሕይወት ሊመራው ይችላል፤ ለሌላ ፈቃድ ባሪያ ሊያደርገውም ይችላል። ልዩነቱ ያለው በያዡ ልብ ነው።

ስለዚህ እኛ በአጥቢያችን የክረምቱን አገልግሎት የምንይዝበት ልማድ አለን። በችግር ውስጥ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጣ ሰው ስጦታ አንቀበልም። ከመጸለያችን በፊት በልቶ እንደሆነ እንጠይቃለን። ሕመምተኛ ከሆነ እጅ ጭነን እንጸልይለታለን፤ ሐኪም ያዘዘለትንም እንዲወስድ እንነግረዋለን። ወንጌልን ሳንሸሽግ እንመሰክርለታለን፤ ውሳኔውን ግን በጭንቀቱ ሰዓት ከአፉ አንነጥቅም። መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ ቤቱ ሄደን እንጠይቀዋለን። ከዚያ ሌላ ጉባኤ ቢመርጥ መርቀን እንሸኘዋለን፤ ወንዙ የእኛ አይደለምና። የእኛ ድርሻ ወንዙን መዝጋት ሳይሆን ሰው ወደ ላይ ወጥቶ ፍሬ እንዲያፈራ መንገዱን መጠበቅ ነው።

ጌታን የምትፈልጉ ወገኖቻችን ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለን። በክረምታችሁ እጁን የዘረጋላችሁን ሰው መርምሩት። ለጸሎቱ ዋጋ ይጠይቃል? መጽሐፍ ቅዱስን ራሳችሁ እንድታነብቡ ይፈቅዳል? ከቤተሰባችሁና ከሐኪማችሁ ይለያችኋል? ስታመሰግኑ ምስጋናውን ወደ ክርስቶስ ይመራል ወይስ ለራሱ ያስቀራል? መረቡን የሚወድ ሰው ከእናንተ የሚፈልገው አለው። ኢየሱስ ግን ለእናንተ ራሱን የሰጠ ነው። ችግራችሁ ሳያልፍ ወደ እርሱ ኑ፤ የተቀጠቀጠውን ሸምበቆ የማይሰብር መሆኑ በማቴዎስ 12፥20 ተመስክሮለታል። እርሱ የያዘው ይኖራል።

ጌታ ሆይ፣ በዚህ ክረምት ወደ ደጃችን የምታመጣቸውን ነፍሳት ከመረባችን አብልጠን እንድንወድድ እርዳን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።