የአባባ ፎቶ

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ስለ እረፍት ጊዜያችሁ ጻፉ ስላለን ስለ ጣና ልጽፍ ነበር። ስጀምረው ግን ወደ ፎቶ ሄደብኝ፣ እናንተም ከእኔ ጋር ሂዱ።

አገራችን የባሕር በር የላትም ተብለን ተምረናል። እኛ እብናቶች ግን ባሕር ሲባል ጣናን ነው የምናስበው። ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ በ2007 ዓ.ም ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ይኼን ሁሉ ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ያየሁት ግን አምና ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ትምህርት እንደተዘጋ ነው።

የሄድነው ለመዝናናት አልነበረም። አባባ (የእናቴ አባት ናቸው) የዓይን ሞራ ይዟቸው ስለነበር ሊታከሙ ነው። እናቴ፣ እምዬ፣ ትንሹ ወንድሜና እኔም ተከተልን። ከእብናት አዲስ ዘመን፣ ከዚያ ወረታ፣ ከዚያ ባሕር ዳር። ወንድሜ መንገዱን ሙሉ ሲያስመልስ ነበር፣ እሱን እንለፈው።

አባባ ታክመው ፋሻው ከተፈታላቸው በኋላ፣ ወደ አገራችን ከመመለሳችን በፊት አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ ጣና ዳር ወሰድናቸው። ጥቁር መነጽር ተሰጥቷቸው ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ውሃውን ዝም ብለው አዩት። የደንገል ታንኳ ስታልፍ በጣታቸው አሳዩን። ከዚያ «ይኼ ሁሉ ውሃ እዚህ ተኝቶ! አንድ ጋን እንኳ ለእኛ ቢደርሰን ምን ነበረበት?» አሉ። የእብናትን በጋ የሚያውቅ ሰው ለምን እንዲህ እንዳሉ ይገባዋል።

እኔ የእናቴን ስልክ ይዤ «አባባ ፎቶ ላንሳዎት» አልኩ። እሳቸውም ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ «ዓይኔ ይታይ እንጂ» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። ፀሐይዋ ከኋላቸው ወደ ባሕሩ አዘንብላ ውሃው ሁሉ ያብረቀርቅ ነበር። እኔን ያማረኝ እሱ ነው። አነሳሁ። የስልኩ መስታወት በፀሐይ ምክንያት አልታይ ቢለኝም «ቆንጆ ነው!» አልኩ።

ኅዳር ላይ አባባ አረፉ።

ለተዝካራቸው ፎቶ አሳጥበን ቤት እንስቀል ተባለና ስልኩን ፎቶ ቤት ወሰድነው። ውሃው ወርቅ መስሏል፣ ጋቢው ነጭ ነው፣ ፊታቸው ግን ከሰል ነው። ፎቶ ቤቱ ልጅ በኮምፒውተር ብዙ ሞከረና «እህቴ፣ የሌለውን ከየት ላምጣው?» አላት እናቴን። እናቴ እኔን ምንም አላለችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ ከቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለችው ፎቶ ተነሥታ ትልቅ ተደረገች። ትከሻቸው ላይ ግማሽ ማኅተም አለ። ለተዝካር የመጣው ሰው ሁሉ ያያት ያቺን ነው።

ከዚያ ወዲህ ምን እንዳጠፋሁ ሳስብ ነበር። የሳይንስ መምህራችን ስለ ዓይን ብሌን ሲያስተምሩን ብርሃን ሲበዛ ብሌናችን እንደሚጠብ ነገሩን። ያኔ ገባኝ። ካሜራም ብርሃን ሲበዛበት የሚቀበለውን ይቀንሳል። ከኋላ ፀሐይ፣ ከሥር የሚያብረቀርቅ ውሃ፣ ላይ ነጭ ጋቢ፤ ስልኩ ለእነሱ ብሎ ሲቀንስ የአባባ ፊት ጨለማ ውስጥ ቀረ።

ዘንድሮ በአጋማሽ ዓመቱ እረፍት እምዬን ይዘን አክስቴ ጋ ባሕር ዳር ሄድን። ጣና ዳር ካሜራ አንግተው ሰው የሚያነሱ ልጆች አሉ። አንዱን አፍሬ እያለሁ ጠየቅሁት። ሳቀና «ፀሐይዋን አንቺ በጀርባሽ ያዣት፣ ወይም በጉንጫቸው በኩል ትምጣ። ዓይናቸውን ካስጨፈነቻቸው ዋርካው ጥላ ጫፍ ላይ አስቀምጫቸው» አለኝ። ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ጥሩ ነው አለ፤ ቀትር ላይ ግን ቆብና ሻሽ ፊት ላይ ጥላ ይጥላሉ። ስልኩን ተቀብሎ መስታወቱን በሸሚዙ ጠረገው፣ ለካ የወንድሜ የዘይት ጣት ነበረበት! ፊታቸው ያለበትን ቦታ በጣትሽ ንኪው፣ ስልኩ ለፊት ብሎ ብርሃኑን ያስተካክላል አለኝ። ከሩቅ ሆነሽ አትጎትቺው፣ በእግርሽ ቅረቢ አለ። ደግሞ የባሕሩን መስመር ቀጥ አድርጊ፣ አለዚያ ጣና ሊፈስ ነው የሚመስለው ሲለኝ ሁለታችንም ሳቅን።

በማግስቱ ጠዋት እምዬን ዋርካው ጥላ ጫፍ ላይ አስቀመጥኳት። እሷ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና «አንቺ ልጅ፣ ለተዝካሬ ነው አይደል?» አለች። ምን እንደምል ጠፋኝ። አዎ ልል አልችልም፣ አይደለም ብል ደግሞ ውሸት ነው። ዝም ስል አየችኝና «በይ የአባባሽን ከዘራ አምጪልኝ» አለች። ከቤት ይዛው መጥታ ነበር። ጉልበቷ ላይ አጋደመችው፣ ነጠላዋን መለስ አደረገች።

ሦስት አነሳሁ። በአንዱ ዓይኗን ጨፍናለች፣ በአንዱ ወንድሜ መሐል ገብቷል። በሦስተኛው የእምዬ ፊት ከነመስመሩ፣ ከነንቅሳቷ ይታያል። አልሳቀችም፤ እኛ ቤት ትልቅ ሰው ለፎቶ አይስቅም። ስልኩን ጥላ ውስጥ ወስጄ ደጋግሜ አየሁት፣ ከዚያ አሳየኋት። «ይቺ አሮጊት ማን ናት?» አለች።

አሁን ፎቶዋ ቤታችን ግድግዳ ላይ፣ ማኅተም ካለበት ከአባባ ፎቶ አጠገብ ተሰቅሏል። ያቺን ጥቁሯን ፎቶ ግን ከስልኩ አላጠፋኋትም። ፊታቸው ባይታይም አቀማመጣቸው የአባባ ነው፤ መነጽሩንም በእጃቸው ይዘውታል።